አያ ዋሴ ፍሬን ዘግይተው ይዘው አያውቁም

እኔ መኪና መንዳት አልወድም። በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ስጠግን ኖሬ፣ ጠዋት የምሄደውም ማታ የምመለሰውም በአውቶቡስ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «የሠራውን ወጥ የማይቀምስ ወጥ ቤት» ይሉኝ ነበር። ይበሉ። መጽሐፍ የምጨርሰው አውቶቡስ ላይ ነው፤ መሪ የጨበጠ ሰው ገጽ አይገልጥም። ደግሞም የመኪናን ሆድ ዕቃ በየቀኑ የሚያይ ሰው እምነቱ ይቀንሳል።

አምና ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ «ከእንግዲህ ከመኪና ሥር አትገባም» አለኝ። ስለዚህ ጡረታዬ ከዕድሜዬ ቀድሞ መጣ። የወረቀቱን ጣጣ አላወራም፤ ያላለፈበት አያምነኝም፣ ያለፈበት ደግሞ ሊያስታውሰው አይፈልግም። ጋራዡም ቢሆን ከእኔ በፊት ጡረታ ወጥቶ ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ ከሚመጡት መኪኖች ግማሾቹ ሞተር የላቸውም፤ ኮፈናቸውን ስትከፍት ሻንጣ ማስቀመጫ ታገኛለህ። ወጣቶቹ መኪናውን ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኙትና ሕመሙን ራሱ ይናገራል። እኔ ግን ሙያዬን የተማርሁት ሕመም ከማይናገር ሰው ነው። የምጽፈውም ስለ እርሳቸው ነው።

ከውትድርና ስወጣ መጀመሪያ የገባሁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። እዚያ ጥቂት ወራት ቆምሁ። ቆምሁ ያልሁት ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ነው፤ ማሽኑ ይሠራል፣ እኔ አየዋለሁ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ አንዱ ተቀናሽ ሆንሁና መንገዱን ተሻግሬ ኒሲም የሚባል ሰው ጋራዥ ገባሁ። ኒሲም ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና በዕብራይስጥ «ወደ ሽማግሌው ሂድ፤ የሚልህን ሁሉ አድርግ» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ምንም አይልህም» ብሎ ጨመረ።

ሽማግሌው አያ ዋሴ ነበሩ። ያኔ ዕድሜያቸው ሃምሳ ቢሆን ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ሃምሳ ዓመት ሽማግሌ ነው። ጎንደር ሳሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ እህል ጭነው ይወጡና ይወርዱ ነበር። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ጎረቤቱ ማረሻውን ከእኚህ አባት ዘንድ ያሠራል፣ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ልጆቹን «ከቡዳው ልጅ ጋር እንዳትጫወቱ» ይላል። አያ ዋሴ ይህን ሲያወሩ አይመረሩም። «ማረሻው ግን አይታጠፍም ነበር» ይላሉ፣ በቃ።

ከአባታቸው የቀረቻቸው አንዲት ትንሽ መዶሻ ናት። ወደ እስራኤል ለመምጣት በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ ብዙ ዕቃ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ መዶሻዋ ግን ከእርሳቸው ጋር ደረሰች። ጎማውን የሚይዙትን ዳዶዎች አጥብቀው ሲጨርሱ በእርሷ አንድ በአንድ መታ መታ ያደርጋሉ። በደንብ የጠበቀው «ትን» ይላል። የላላው ድምፁ ይሞታል፤ እንጨት የመቱ ይመስላል። እኔ በመጽሐፍ የማምን ሰው ነበርሁና ኒሲም የጥብቀትን መጠን የሚለካ መፍቻ እንዲገዛ ወተወትሁት። ገዛው። ልኩን ትሞላለታለህ፤ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። አያ ዋሴ መፍቻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ ተጠቀሙበት፣ አመሰገኑኝ። ከዚያ መዶሻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዳዶዎቹን መታ መታ አደረጉ።

«አያ፣ መፍቻው እኮ ለክቶታል» አልሁ።

«ለክቷል» አሉ። «እኔ ደግሞ ልስማው።»

ወደ መኪና እሽቅድምድም ሜዳ የወሰዱኝ አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ሜዳው ከከተማችን በስተደቡብ፣ የስንዴ ማሳ በነበረ ቦታ ላይ የተሠራ የአቧራ ቀለበት ነው። እሽቅድምድም ስል ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን እንደ ቀስት የሾለ መኪና ማለቴ አይደለም። እዚህ የሚሮጡት የመንገድ መኪኖች ናቸው፤ ትናንት ልጆችን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ የነበሩ። ወንበራቸው ይነቀላል፣ መስታወታቸው ይወጣል፣ ውስጣቸው በብረት ቱቦ ይታጠራል፣ ከዚያ አሥር አሥራ አምስት ሆነው እየተገፋፉ ይዞራሉ። አያ ዋሴ ኒሲም ለብረታ ብረት ሊሸጣት ያሰባትን አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ለምነው ወስደው እንዲያ አድርገው ሠሯት። ያን ቀን እኔ የመጣሁት ለመታዘብ ነበር። ሰዎች በክብ ዞረው የተነሡበት ቦታ ለመድረስ ይህን ያህል መድከማቸው ያስቀኝ ነበር። ከሰዓት በፊት ግን አጥር ላይ ወጥቼ እንደ ፍየል ተንጠልጥዬ ነበር።

ያየሁት ይህ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች እስከ መታጠፊያው አፍ ድረስ ነዳጅ ረግጠው ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ፍሬን ይዘው፣ አቧራ አንሥተው፣ መኪናቸው እየተንሸራተተ ይታጠፋሉ። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለእነዚህ ነው። አያ ዋሴ ከሁሉም ቀድመው ፍሬን ይይዛሉ። ሲያዩት ፈሪ ይመስላሉ። ቀድመው ስለያዙ ግን ቀድመው ይለቃሉ። መታጠፊያው ወገብ ላይ ሲደርሱ መኪናቸው ተረጋግታለች፤ ሌሎቹ ገና ከመሪ ጋር ሲታገሉ እርሳቸው ነዳጅ መስጠት ጀምረዋል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሰው ያልፋሉ። አቧራ አያነሡም፣ ማንንም አይገፉም። ሕዝቡ ማሸነፋቸውን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው።

«ለምን እንዲያ ቀድመው ይይዛሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሊማሊሞ ላይ ዘግይቶ የሚይዝ ሹፌር የሚዘገየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉኝ።

አሥር ዓመት ያህል እንዲህ ነዱ። ዋንጫ የላቸውም። የዓመቱ ማጠቃለያ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው፤ አያ ዋሴ ደግሞ በሰንበት እንኳን መኪና ሊነዱ የመኪና ቁልፍ አይነኩም። «ከእኔ የበለጠ ነጥብ ያለው ሰው ሁሉ የቅዳሜ ነጥብ ነው ያለው» ይሉ ነበር፤ በሕይወታቸው የተናገሩት ትልቁ ፉከራ ይኸው ነው። ሆኖም በደቡብ ያለ መኪና ወዳድ ሁሉ ያውቃቸዋል። ነጯ መኪና ከጋራዡ በር ላይ በቆመች ቁጥር ሰው ከሥራው ወጥቶ መጥቶ ይነካታል። እኔም፣ ማንንም አድንቄ የማላውቀው ሰውዬ፣ አድናቂያቸው ሆንሁ። ዓርብ ዓርብ የመኪናዋ ጠጋኝ እኔ ነበርሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አያ ዋሴ ስለ መኪናዋ ክፉ ነገር በሰው ፊት አይናገሩም። ከሜዳ ሲወጡ ሰው ይከብባቸዋል፤ «እንዴት ናት?» ይባላሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደኅና ናት፣ እግዜር ይመስገን» ነው። ሞተሩ እያጨሰ ደኅና ናት። የእኛ ሰው ይህን መረዳት አይቸግረውም። ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ ደኅና ነን ይልሃል፤ ሕመሙን የምትሰማው ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው፣ ያውም ለብቻው ሲሆን ነው። መኪናዋን የጠገንሁት እኔ ስለሆንሁ እርሷን ማማት እኔን ማዋረድ ነው፤ አያ ዋሴ ያንን ይሉኝታቸው አይፈቅድላቸውም። ሌሎቹ ሹፌሮች ከመኪና ሳይወርዱ ጠጋኛቸውን ይሳደባሉ፤ እርሳቸው ደኅና ናት ይሉና መኪናዋን አንድ ጊዜ ይዞሯታል። ከዚያ እጃቸውን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋሉ።

እጃቸው ያረፈበት ቦታ የታመመው ቦታ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ብዙ ወራት ወስዶ ገባኝ። እጃቸው የቀኝ የፊት ጎማ ላይ ካረፈ የዚያን ጎማ ፍሬን አያለሁ። ኮፈኑ ላይ ካረፈ የሞተሩን ካንዴላዎች እፈታለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ያን ዓመት በአውቶቡስ ስንት መጽሐፍ እንዳነበብሁ አላስታውስም፤ በደንብ ያነበብሁት ግን ያን እጅ ነበር።

ሃያ ዓመት ይሆነዋል። ለሜዳው ድጋፍ የሚሰጡ እንግዶችና ፎቶ አንሺዎች የሚመጡበት ዓርብ ነበር። መኪናዋ እንድታምር ፈለግሁ። ጎማው የሚለብሳቸውን አራቱንም የብረት ቸርኬዎች ፈትቼ በቀይ ቀለም ቀባኋቸው፤ ደግሜም ቀባኋቸው። ከውጭ በኩል ብቻ ሳይሆን ከውስጥ በኩልም፣ ከመኪናዋ ብረት ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመውን ገጽ ሁሉ ቀባሁ። ሙያው የሌለው አንባቢ እዚህ ላይ ነገሩ ምን እንደሆነ ላይታየው ይችላልና ልንገረው። ብረት በብረት ላይ መቀመጥ አለበት። መሐል ላይ ወፍራም ቀለም ካለ ዳዶውን ስታጠብቅ የምታጠብቀው ቀለሙ ላይ ነው። መፍቻው «ቀጭ» ይላል፣ ልኩ ሞልቷል። ጎማው ሲሞቅ ቀለሙ ይደቅቃል፤ የተተወው ክፍተት ፀጉር ቢያህል ነው፤ ለዳዶ ግን በቂ ነው። ዳዶው ሳይንቀሳቀስ ላልቷል።

ጎማዎቹን አጠበቅሁ፣ አራቱም «ቀጭ» አሉ፣ የፍተሻውን ቅጽ ፈረምሁ። አያ ዋሴ ለማሟሟቅ አንድ ዙር ዞረው ተመለሱ። እንግዶቹ ከበቧቸው። እንደ ወትሮው ወርደው መዶሻቸውን አወጡና ወደ ኋላ ግራ ጎማ ጎንበስ አሉ።

እኔ ነኝ ያስቆምኋቸው። «አያ፣ ተዉት፣ ቀለሙ ይላጣል» አልሁ። ፎቶ አንሺው አጠገባችን ነበር።

አያ ዋሴ ቀና ብለው አዩኝ። መዶሻዋን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ እጃቸውን በዚያ ጎማ ላይ አሳረፉ። አነሡትና ደግመው አሳረፉት። እጃቸው ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

አይቻለሁ። አላየሁም ብል ይህን ጽሑፍ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። አይቼ ደግሞ ያደረግሁት ይህን ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «አያ፣ ችግር አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሱን አውቀዋለሁ። እኚህ ሰው በእንግዳ ፊት ምን እንደሚሉ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

«ደኅና ናት፣ እግዜር ይመስገን» አሉ።

ያንን መልስ እንደ ማኅተም ተቀበልሁት። ራሳቸው ደኅና ናት ብለዋል፣ እኔ ፈርሜያለሁ፣ መፍቻው ለክቷል። ሦስት ማስረጃ።

በአራተኛው ዙር፣ በምሥራቁ መታጠፊያ፣ የኋላ ግራ ጎማዋ ወጥታ ብቻዋን ሄደች። ቀይ ስለነበረች በደንብ ትታያለች። መኪናዋ በጎኗ ተኛች፣ ተገለበጠች፣ እንደገና ተገለበጠች። አጥሩን ዘልዬ ስደርስ ሌሎች እየጎተቱ እያወጧቸው ነበር። ግራ ትከሻቸው ከቦታው ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ ያሉት «ታከለ የት አለ?» ነው። ታከለ እኔ ነኝ።

«እዚህ ነኝ፣ አያ።»

«ዝም በል» አሉኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ለሜዳው ኃላፊ በዕብራይስጥ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «እኔ ነኝ። ፍሬን ዘግይቼ ያዝሁ። ጎማዋ የወጣችው ስትገለበጥ ነው» አሉት።

ኃላፊው ይህን ጻፈ። ጥፋቱ የጠጋኝ ቢሆን ኖሮ ቅጹን የፈረመው ሰው ከሜዳው ይባረር ነበር፤ ኒሲምም ወዲያው ያሰናብተኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ በተወለደች በሁለተኛው ወር ነበር። አያ ዋሴ ስሟን ያወጡላት ራሳቸው ናቸው። እኔም ዝም አልሁ።

የሚገርመኝ ሌላው ሕዝብ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ፍሬን ቀድሞ ሲይዝ ያዩት ሰው ዘግይቼ ያዝሁ ሲላቸው አንድ ሰው እንኳ «እርስዎ? መቼ ዘግይተው ያውቃሉ?» አላለም። ሰው ከሚያየው ይልቅ የሚጣፍጠውን ወሬ ነው የሚያምነው። ሽማግሌው በመጨረሻ እንደ ሌሎቹ አበዱ የሚለው ወሬ ጣፍጧቸው ነበር።

ትከሻቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም። መኪና መሽቀዳደሙ በዚያው አበቃ። እኔና እርሳቸው ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ጋራዥ ሠራን። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻችንን ስንሆን ልናገር ሞከርሁ። «አያ፣ ያን ጊዜ...» ስል፣ «ጎማ ነው፤ ይወጣል» ብለው አቋረጡኝ። «እጅህን ታጠብና እንብላ።» ሌላ ጊዜ አላነሣሁትም። ከዚያ በኋላ ግን የቀባሁትን ብረት ሳልፍቅ ያሰርሁበት ጊዜ የለም። ያጠበቅሁትንም ዳዶ መኪናው ትንሽ ሄዶ ከሞቀ በኋላ ሳልደግመው ለባለቤቱ አልሰጠሁም። ደንበኞች ይነጫነጩ ነበር። ኒሲምም ይጮህ ነበር፤ የእርሱን ጩኸት እንኳ ለምደነዋል።

አያ ዋሴ አምና በእንቅልፋቸው ዐረፉ። ተዝካራቸው ሲቃረብ ልጃቸው ሚካል ቤቴ መጣች። ሚካል እዚህ የተወለደች፣ ፋብሪካ ውስጥ በቴክኒሻንነት የምትሠራ፣ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሠፈር ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ የምትኖር ወጣት ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ሲደክማት ብቻ ዕብራይስጥ ይገባበታል።

«ጋሼ ታከለ፣ የሜዳው ሰዎች መታጠፊያውን በአባዬ ስም ሊሰይሙት ነው» አለችኝና ወረቀት ሰጠችኝ። «ሰሌዳ ሠርተዋል። ዕብራይስጡ ይኸው። ትልልቆቹ እንዲያነቡት በአማርኛም ይጻፍ ብለናል። አንተ ቃል ታውቃለህ፣ ቆንጆ አድርገህ ጻፍልን።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ባጭሩ ይህ ነው፤ በዚህ መታጠፊያ ፍርሃት የማያውቀው ዋሴ ፍሬን ዘግይቶ ያዘ፣ ተገለባበጠ፣ እየሳቀ ወጣ። በሁለት መስመር ሦስት ሐሰት መክተት ችሎታ ይጠይቃል። ይፈሩ ነበር፤ የሚያሸንፉት ስለሚፈሩ ነው። ዘግይተው አያውቁም። አልሳቁምም።

«እናትሽ ይህን አይተዋል?» አልሁ።

«እማዬ?» ሚካል ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንብቤላታለሁ። 'እውነቱን ነው የጻፉት፣ ቤቱን ሳያስብ ነው የነዳው' አለች። ታውቃታለህ። ሃያ ዓመት ሆኗት ያንን ይቅር አላለችውም። እኔ ልጅ ሆኜ 'አንቺ እያለሽ፣ እኔ እያለሁ፣ ለጭብጨባ ብሎ ሞትን ሄዶ ነካው' ስትለው እሰማ ነበር።»

«እርሳቸውስ ምን ይሏታል?»

«ምን ይላል? 'እውነትሽን ነው' ይላታል።»

ሚካል ሄደች። ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልሁ። ለመተርጎም አልሞከርሁም አልልም። በአማርኛ «ፍርሃት የማያውቀው» የሚለው በደንብ ይጣፍጣል፤ ያ ነው ያስጠላኝ። ሃያ ዓመት ስለ እኔ ዝም ያሉትን ሰው፣ አሁን ደግሞ የፈረምሁትን ቅጽ በሰሌዳ ላይ በራሴ እጅ ልደግምባቸው ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጥሁና በማግስቱ ጠዋት ወደ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄድሁ።

የአያ ዋሴ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ የሚኖሩት አሮጌው ሠፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቅርፊቱ የጠነከረ ለውዝ ይሰብራሉ። የሚሰብሩበት ያቺን መዶሻ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ልጆች ደኅና? ወገብህስ? ና ተቀመጥ፣ ቆመህ ቤቱን አታጥብበው።»

ተቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ቀለሙን፣ መዶሻዋን ማስቆሜን፣ ሁለት ጊዜ ያረፈውን እጅ፣ በሰው ፊት የጠየቅሁትን ጥያቄ። እጃቸው መኪናዋ ላይ ሲያርፍ ምን ማለት እንደነበረም ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ለውዙን መስበር ትተው መዶሻዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩኝ ነበር።

ስጨርስ መዶሻዋን አገላብጠው አዩ። ከዚያ «ሃያ ዓመት አፈርሁበት» አሉ። «ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ እየበላ። 'እውነትሽን ነው' እያለኝ። እኔም እውነቴን መስሎኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። አሁን ነገርኸኝ እኮ።» መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ለምን ዛሬ? እርሱ በሕይወት ሳለ አፍ አልነበረህም?»

«ነበረኝ።»

«እና?»

«እና ምንም። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ እርሳቸው ዝም ስላሉ ዝም ማለቴ መታዘዝ መሰለኝ። ትልቅ ሰው ዝም በል ብሎኛል እያልሁ ተመቸኝ።»

«ተመቸህ» አሉ። ቃሉን እንደ መጥፎ ለውዝ አፋቸው ውስጥ አዞሩት። ከዚያ ደግሞ፣ «እንግዲህ ለእኔ ነግረህ አታበቃም። እርሱ የዋሸው በሰው ፊት ነው፤ አንተም የምትናገረው በሰው ፊት ነው። ስሙንም፣ ያፈርሁበትን የእኔንም ስም እያነሣህ። እዚያው መታጠፊያው ላይ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እሺ አትበለኝ። ሂድና አድርገው።»

የሜዳው ኃላፊ ነገሩን አልወደደውም። ከቀድሞው ኃላፊ የተረከበ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ሰሌዳው ተሠርቷል። ሕዝቡ ይህን ታሪክ ይወደዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ለማን ይጠቅማል?» አለኝ። እኔም ሕዝቡ የሚወደው ታሪክ የእኔን ጥፋት የሸፈነ እንደሆነ፣ ቅጹን የፈረምሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ካልተለወጠ ግን ተዝካሩ ላይ የሚገኙት ሽማግሌዎች ሁሉ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ስቃወመው እንደሚያዩ ነገርሁት። «በሰዴር» አለ በመጨረሻ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ እንዲህ ያለ እሺ ግን ማንንም አይመርቅም።

ተዝካሩ ሐሙስ ነበር፤ ሰሌዳው የተተከለው በማግስቱ ዓርብ ጠዋት። ብዙ ሰው መጣ፤ የድሮ ሹፌሮች፣ የጋራዥ ሠራተኞች፣ ኒሲምም የልጁን ክንድ ተደግፎ። ሰሌዳው የሚታሰርበት የብረት ምሰሶ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሠራተኛው ዳዶዎቹን ሊያስር ሲል አስቆምሁትና ቢላዋ አውጥቼ ብረቱ የሚገጥምበትን ቦታ ቀለሙን መፋቅ ጀመርሁ።

«ሰሌዳ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለች ሚካል። «አይነዳም።»

«አውቃለሁ» አልኋትና ፍቄ ጨረስሁ። ከዚያ አሰርሁት።

የተናገርሁትን እዚህ አልደግመውም፤ እስካሁን ያነበባችሁት ያው ነው፣ ከዚህ ያጠረ። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ኒሲም በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ «አባርርህ ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልሁት። አንድ የድሮ ሹፌር «እኔ እኮ ያኔም 'ዋሴ እንዴት ይዘገያል?' ብያለሁ» ብሎ አጠገቡ ላለው ሰው ሲምል ሰማሁ። አላለም። ግን ከእንግዲህ እንዲያ ይበል፤ ይህኛው ውሸት ወደ እውነቱ የቀረበ ነው።

ሰሌዳው ላይ አሁን በሁለት ቋንቋ የተጻፈው «የዋሴ መታጠፊያ። እዚህ ጎማ ወጣባቸው። ጥፋቱ የጠጋኙ ነበር። አያ ዋሴ ፍሬን ዘግይተው ይዘው አያውቁም» የሚል ነው።

ሰው ወደ እትዬ ጥሩነሽ እየመጣ «እንዴት ነዎት፣ በረቱ?» ይላል። እርሳቸው አጠገቤ ቆመዋል። ለአንዱም ለሌላውም «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ይህን እያሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ነገሩን የነገርኋቸው እኔ ነኝና ምን እያደረጉ እንደሆነ ያውቃሉ። አነሡት። ደግመው አሳረፉት። 

በሳምንቱ ዓርብ በአውቶቡስ ተመልሼ ሄድሁ። ከፌርማታው እስከ ሜዳው ያለው መንገድ ለወገቤ ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ ዐረፍሁ። ሰሌዳውን አንድ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ መትቶታል። መፍቻዬን አውጥቼ አራቱን ዳዶዎች ደግሜ አጠበቅሁ። ሦስቱ ባሉበት ነበሩ። አራተኛው ሩብ ዙር ያህል ሄደ።